የእህቴ ልጅ ሉኪሚያ አገርሽቶበታል፤ «ካር-ቲ» የሚባለውን ሕክምና የሚያውቅ አለ?

የሂርማታ_ልጅ · ሰኞ፣ ማታ 2፡50

ሰላም ለሁላችሁ። የእህቴ ልጅ 9 ዓመቱ ነው። አምስት ዓመት ሳይሞላው ኤ.ኤል.ኤል. የሚባለው የደም ካንሰር ተገኘበት። እዚሁ ጅማ ኬሞውን ጨረሰ፣ ትምህርት ቤት ገባ፣ ኳስ ሜዳም ወረደ። በቅርቡ ግን ትኩሳት ይመላለስበት ጀመር፣ ጥርሱን ሲቦርሽ ድዱ ይደማል። ደሙ ታየ፣ መቅኒውም ተወስዶ ታየ፤ ተመልሶበታል ተባልን።

ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሏል። አሜሪካ ያለችው አክስቱ «ካር-ቲ የሚባል አለ፣ የራሱን ነጭ የደም ሴል አውጥተው ካንሰሩን እንዲያጠፋ አድርገው ይመልሱለታል፣ ተስፋ የተቆረጠባቸው ልጆች ድነውበታል» አለች። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰውዬ ደግሞ «ሕንድ በርካሽ አለ፣ ለቀጠሮ ማስያዣ ቀብድ ላኩ» እያለ በቀን ሦስቴ ይደውላል። አባቱ ጎማ ወረዳ ያለችውን የቡና መሬት ሊሸጥ ደላላ አናግሯል። እናቱ ግን ሐኪሞቹ ያሉትን ሁለተኛ ኬሞ እናስጀምር ትላለች። እኔ መሐል ገብቼ ቀርቻለሁ። የሚያውቅ ሰው ቢነግረኝ።

አባ_ቡና · ሰኞ፣ ማታ 3፡05

አይዞህ ወንድሜ፣ ፈጣሪ ይማርላችሁ። ስለ ሕክምናው አላውቅም፣ ስለ መሬት ግን አውቃለሁ። በጭንቅ የሚሸጥ መሬት ግማሽ ዋጋውን አያወጣም፣ ደላላው ደግሞ ጭንቅህን ከፊትህ ያነበዋል። ትንሽ አቆዩት። ያንን በቀን ሦስቴ የሚደውለውንም ጭምር።

ላብ_ቆጪ · ሰኞ፣ ማታ 3፡31

ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ስለ ካር-ቲ ከማውራታችን በፊት አንድ ጥያቄ፦ የልጁ ሉኪሚያ የቢ-ሴል ነው የቲ-ሴል? ሁለቱም የነጭ የደም ሴል ዓይነቶች ናቸው። መጀመሪያ ሲታመም ናሙናው ተልኮ ፍሎ ሳይቶሜትሪ (ሴሎቹ ላይ ያለውን ምልክት የሚለይ ምርመራ) ተሠርቶለት ከሆነ ወረቀቱ ላይ አለ። ሲዲ10፣ ሲዲ19፣ ሲዲ7 እያለ ይዘረዝራል። ያንን ወረቀት ፈልጉት።

ለምን መሰለህ? ለሉኪሚያ ፈቃድ ካገኙት ካር-ቲዎች የማውቃቸው ሁሉ የሚያነጣጥሩት ሲዲ19 ላይ ነው። ሲዲ19 ቢ-ሴሎች ገላቸው ላይ ተለጥፎ የሚገኝ ምልክት ነው፣ የቀበሌ መታወቂያ በለው። ከታማሚው ቲ-ሴል ይወሰድና ይህን ምልክት አይቶ የሚይዝ አዲስ ተቀባይ በዘረ መል ይገጠምለታል፣ በብዛት ይራባል፣ ከዚያ ወደ ደሙ ይመለሳል። ምልክቱን ያየበትን ሴል ሁሉ ይገድላል፤ ጤነኛውን ቢ-ሴልም አይምርም። ሰው ግን ያለ ቢ-ሴል መኖር ይችላል፣ የጎደለው የመከላከያ ፕሮቲን በየጊዜው በደም ሥር እየተሰጠው። ሲዲ19 የተመረጠው አንዱ ለዚህ ነው።

የቲ-ሴል ሉኪሚያ ከሆነ ግን ሲዲ19 የለውም፤ አክስቱ የሰማችው መድኃኒት አይነካውም ማለት ነው።

ፈውስ_ጉዞ · ሰኞ፣ ማታ 3፡40

[ይህ መልእክት በአወያዩ ተነሥቷል]

አወያይ · ሰኞ፣ ማታ 3፡52

ስልክና የባንክ ሒሳብ ቁጥር እዚህ መለጠፍ ክልክል ነው። «100 ፐርሰንት እናድናለን» ብሎ ማስታወቂያም እንዲሁ። ሁለተኛ ከተደገመ አካውንቱ ይዘጋል።

አባ_ቡና · ሰኞ፣ ማታ 3፡55

ዋላሂ አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም! ጅብ እንኳ እስኪጨልም ይጠብቃል።

እንዳልክ_ጊንጆ · ሰኞ፣ ማታ 4፡10

ወንድሜ አትቸኩሉ። እኔ እንደሰማሁት ሴሉ ውስጥ የሚከቱት የኤች.አይ.ቪ. ቫይረስ ነው። ልጁን ከአንዱ አውጥተው ወደ ሌላው ሊጨምሩት ነው? ፈረንጅ በእኛ መሞከር ልማዱ ነው።

ላብ_ቆጪ · ሰኞ፣ ማታ 4፡37

እንዳልክ፣ የሰማኸው ከመሬት ተነሥቶ አይደለም፣ ግን ግማሹ ነው የደረሰህ። አዲሱን ዘረ መል ወደ ሴሉ ለማስገባት ከሚጠቀሙባቸው ማጓጓዣዎች አንዱ ሌንቲቫይረስ ይባላል፣ ኤች.አይ.ቪ. ካለበት ወገን የተሠራ ነው። በሽታ የሚያመጣበትና የሚራባበት ዘረ መሉ ተነቅሎ ወጥቷል። ሴል ውስጥ የመግባት ችሎታው ብቻ ነው የቀረው። ኤች.አይ.ቪ. አያሲዝም። አንዳንድ ምርመራዎች ላይ ግን በስሕተት ፖዘቲቭ ሊያሳይ ስለሚችል ሕክምናውን የወሰደ ሰው ለሚመረምረው ሁሉ ይነግራል።

«በእኛ ይሞክራሉ» ላልከው ደግሞ፣ ሕክምናው መጀመሪያ የተሞከረው በራሳቸው ሰው ነው። ፔንሲልቬንያ ላይ እ.ኤ.አ. 2010 በአዋቂ ታካሚዎች ተጀመረ፣ 2012 ላይ ኤሚሊ ዋይትሄድ የምትባል የ6 ዓመት ልጅ ሉኪሚያው ሁለት ጊዜ አገርሽቶባት አማራጭ ሲያልቅ ተሰጣት። ልትሞት ደርሳ ነበር። ትኩሳቷ አልወርድ አለ፣ ደም ግፊቷ ወረደ፣ በመሣሪያ ነበር የምትተነፍሰው። ደሟ ሲመረመር ኢንተርሉኪን-6 የሚባል የብግነት መልእክተኛ ከልክ በላይ ወጥቶ ተገኘ። ሕክምናውን ካዳበሩት ተመራማሪዎች ዋናው ካርል ጁን ሴት ልጁ የመገጣጠሚያ ብግነት ስለነበረባት ለዚያ በሽታ ቶሲሊዙማብ የሚባል፣ ይህንኑ ነገር የሚያግድ መድኃኒት እንዳለ ያውቅ ነበር። ሰጧት፣ በሰዓታት ውስጥ ይሻላት ጀመር፣ ከቀናት በኋላም ነቃች። የአባትየው የቤት ጣጣ ነው እንግዲህ የሰው ልጅ ያተረፈው። ቶሲሊዙማብ ዛሬ ካር-ቲ በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ አጠገብ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት ነው።

ሚኒሶታ_ጅሬን · ማክሰኞ፣ ሌሊት 8፡14

እዚህ ቀን ነው፣ ይቅርታ በእናንተ እኩለ ሌሊት። ጅማ ተወልጄ ያደግኩ ነርስ ነኝ፣ የምሠራው ካር-ቲ የሚሰጥበት ክፍል ውስጥ ነው። በአዋቂዎች በኩል ስለሆነ የልጆቹን ለሚያውቅ እተወዋለሁ። አካሄዱን ግን ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው «አንድ መርፌ ነው» ብሎ ስለሚመጣ።

መጀመሪያ ታካሚው ደሙን ከሚያጣራ ማሽን ጋር ለሰዓታት ተያይዞ ይተኛል። ማሽኑ ነጩን ሴል ለይቶ ይይዝና የቀረውን ይመልስለታል። ሴሉ ይላካል፣ ተሠርቶና ተፈትሾ እስኪመለስ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት አራት ሳምንት ይሄዳል። በሽታው ግን ለዚያ ብሎ አይቆምም፤ እስኪመጣ ድረስ ኬሞ ይሰጣል። ሴሉ ሲመጣ ደግሞ ለአዲሶቹ ቦታ እንዲለቀቅ ፍሉዳራቢንና ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባሉ ሁለት መድኃኒቶች ለቀናት ይገባሉ። ስለዚህ «ከኬሞ እናመልጣለን» ብላችሁ አስባችሁ ከሆነ፣ የለም።

የመስጫው ቀን ራሱ ጉድ ነው። ይህ ሁሉ ገንዘብ፣ ይህ ሁሉ ጉዞ፣ የሚመጣው ከናይትሮጅን ጋን የወጣ በረዶ የሆነ ትንሽ ከረጢት ነው። ሞቅ ባለ ውኃ ይቀልጣል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ገብቶ ያልቃል። ለማቀዝቀዝ የተጨመረው ኬሚካል በትንፋሽ ስለሚወጣ ክፍሉ በሙሉ የተቀቀለ በቆሎ ይሸታል። አንዳንዱ ነጭ ሽንኩርት ነው ይላል። እኔ በዚያ ሽታ ምክንያት በቆሎ ትቻለሁ።

ከዚያ ነው እንቅልፍ የሚያሳጣው። ትኩሳቱ፣ የግፊቱ መውረድ አለ። አእምሮም ይነካል፦ መርሳት፣ መንተባተብ፣ አንዳንዴ መንቀጥቀጥ። በየፈረቃው የምንጠይቀው ነገር አለ። ዓመተ ምሕረቱ ስንት ነው፣ ወሩ ማን ነው፣ የት ከተማ ነህ፣ ከ100 በአሥር በአሥር ወደ ኋላ ቁጠር፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ። አንድ የአገራችን ሰው አባት ነበሩ፣ ነርሳቸው እኔ ስለነበርኩ በአማርኛ ይጽፉልኝ ነበር፤ ሁልጊዜም «ቡና ከልክለውኛል» ነው የሚሉት። አንድ ጠዋት «ቡና» ብለው ጀምረው «ከ» ላይ እጃቸው ቆመ። ፊደሉ መስመሩን ለቅቆ ወደ ታች ወረደ። ሌላ ምንም ምልክት አልነበራቸውም፣ ጨዋታቸውም ደህና ነበር። ዶክተሩን ጠራሁ፣ ብግነት የሚያበርደው ዴክሳሜታዞን ተጀመረ። ዳኑ፣ ቤታቸው ገቡ። ይህን የሚከታተል ሰው ሌሊቱን ሙሉ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍልም አጠገብ ያስፈልጋል። ሕንድም ሂዱ ቱርክ፣ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት «ይህንን የሚያደርገው ማን ነው? ቶሲሊዙማብ በእጃችሁ አለ? ከዚያ በኋላ ለሳምንታት የት እናርፋለን?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰውዬው ካልመለሰ ያው መልሱ ነው።

የሂርማታ_ልጅ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡20

እግዜር ይስጥልኝ እህቴ፣ ላብ_ቆጪም እንዲሁ። ሌሊቱን ለእናቱ እያነበብኩላት ነበር። የበቆሎው ነገር እንኳ አሳቃት። ወረቀቱን ዛሬ እንፈልጋለን፣ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ነው ያለው። እስከዚያው ዋጋውን የሚያውቅ ካለ?

ፋርማሲ_አጋሮ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡45

ዋጋውን ልንገርህ፣ ቁጭ ብለህ አንብብ።

ለልጆች ኤ.ኤል.ኤል. መጀመሪያ የተፈቀደው ኪምራያ ነው፣ አሜሪካ ላይ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2017። ሲወጣ የተተመነለት ዋጋ 475,000 ዶላር ነበር። ይህ የመድኃኒቱ ብቻ ነው፣ አልጋው፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ፣ ማረፊያው ሁሉ ለየብቻ።

የሕንዱ ኔክስካር19 ነው። ሙምባይ ያለው የቴክኖሎጂ ተቋምና ታታ መታሰቢያ ሆስፒታል አብረው የሠሩት፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2023 የጸደቀ። ሲወጣ ዋጋው ወደ 50,000 ዶላር ገደማ ነው ይባል ነበር። ርካሽ ያሰኘው ከአሜሪካው አንጻር ነው እንጂ ለጎማ ቡና መሬት አይደለም። እና ዋናው ነገር፦ ፈቃዱ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ነው። የናንተ ልጅ 9 ነው። ደዋዩ ሰውዬ ይህንን ነግሯችኋል?

የአሜሪካውም ቢሆን እስከ 25 ዓመት ላሉ ሆኖ፣ በሽታው ለኬሞ እጅ አልሰጥ ሲል ወይም ለሁለተኛ ጊዜና ከዚያ በላይ ሲያገረሽ ነው የተፈቀደው። ልጃችሁ የመጀመሪያ ማገርሸቱ ነው። ያ ማለት አሜሪካ ውስጥ ቢወለድም ኖሮ ሐኪሞቹ መጀመሪያ ወደ ካር-ቲ አይሮጡም ነበር።

ውጤቱንም በልኩ ማወቅ ጥሩ ነው። ኪምራያ የተፈቀደበት ጥናት ላይ 92 ልጆችና ወጣቶች ተመዘገቡ፣ ሴሉ የተሰጣቸው 75ቱ ናቸው። ከቀሩት አብዛኞቹ ወይ ሴሉ ሳይሠራላቸው ወይ እስኪደርስ ሞት ቀድሟቸው። ከተሰጣቸው ውስጥ በሦስት ወር ውስጥ 81 በመቶው ካንሰሩ ከደማቸው ጠፍቶ ታየ። በ12 ወር ሳያገረሽባቸው የቆዩት 50 በመቶ፣ በሕይወት ያሉት 76 በመቶ ናቸው። ሁሉ ነገር ላበቃለት ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁሉ ነገር ላላበቃለት ልጅ መሬት ሽጦ የሚሮጡበት ግን አይመስለኝም።

የሰላም_አባት · ማክሰኞ፣ ቀን 7፡02

የኔ ልጅ ኤ.ኤል.ኤል. ነበረባት፣ ጨርሳለች፣ አሁን ደህና ናት አልሐምዱሊላህ። እኔ የምለው አንድ ነው። የመጨረሻው የኪኒን ጊዜ ነው ሰውን የሚያዘናጋው። ፀጉሯ በቀለ፣ ትሮጣለች፣ እንጀራ ትበላለች፤ ለምን መርዝ ታጠጣታለህ ይሉሃል ጎረቤቶች። መርካፕቶፑሪንና ሜቶትሬክሴት ለረጅም ጊዜ፣ ሁለት ዓመትም በላይ ነው። መኪና ሳይኖር፣ መድኃኒት ከገበያ ሲጠፋ፣ ቡና ሲደርስ እና ሰው ሁሉ ማሳ ሲገባ እንኳ አላቋረጥንም። ከእኛ ጋር የነበሩ ግን መሐል ላይ የጠፉ ቤተሰቦች ነበሩ፣ ርቀው ስለነበር፣ ገንዘብ ስላልነበራቸው፣ ልጁ የዳነ ስለመሰላቸው። የእህትህ ልጅ እስከ መጨረሻው ወስዶ ነበር? ለወቀሳ አይደለም። ሐኪሞቹ ያንን ካወቁ አሁን የሚሰጡትን ስለሚወስን ነው።

እታለም_ፈረንጅ_አራዳ · ማክሰኞ፣ ቀን 8፡30

ልጆቼ፣ ጠበሉንም አትርሱ። እኔ የጉበቴን ጠበል ነው ያዳነኝ። እናቱ ይዛው ትምጣ፣ እኔ አብሬ እሄዳለሁ።

ሲስተር_ዘ · ማክሰኞ፣ ማታ 1፡15

እትዬ እታለም፣ ጠበሉ ይሁን፣ ማንም አይከለክልም። ግን ነጭ ሴሉ ሲወርድ ሰው የሚበዛበት ቦታ አይወሰድ፣ ያልፈላ ውኃም አይጠጣ፤ በዚያን ጊዜ ተራ ኢንፌክሽን ልጅ ይገድላል። እርስዎ ቤት ድረስ ሄደው ቢጸልዩለት ደስ ይለናል።

ለጠያቂው፦ የልጆች ካንሰር ክፍል ውስጥ የሠራሁ ነርስ ነኝ። ከሁሉ በፊት ማወቅ የምፈልገው ካር-ቲን አይደለም። መጀመሪያ ከታወቀበት እስካሁን ስንት ጊዜ ሆነው? ማገርሸቱ መቅኒ ውስጥ ብቻ ነው ወይስ የጀርባ ፈሳሹና ቆለጡም ታይቷል? ማገርሸት ሁሉ አንድ አይደለም። ከታወቀበት 36 ወር ሳይሞላ መቅኒ ላይ የተመለሰና ከዚያ በኋላ የተመለሰ በጣም ይለያያሉ። የዘገየው ለኬሞ እንደገና እሺ የማለት ዕድሉ ይሻላል። «ተመለሰ» ሲባል «ኬሞ አይሠራም» ተባለ ብሎ የሚሰማ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

የሂርማታ_ልጅ · ረቡዕ፣ ማታ 2፡05

ወረቀቱ ተገኘ፣ ፌስታሉ ሥር። ላብ_ቆጪ፣ እንዲህ ይላል፦ «ሲዲ19 ፖዘቲቭ፣ ሲዲ10 ፖዘቲቭ፣ ሲዲ7 ኔጋቲቭ»። ሲስተር፣ ከታወቀበት አራት ዓመት አልፎታል። ኪኒኑን እስከ መጨረሻው ወስዷል፣ እናቱ በየቀኑ ደብተር ላይ ምልክት ታደርግ ነበር፣ ደብተሩም አለ። የጀርባ ፈሳሹ ገና አልተወሰደም፣ ደም የሚያረጋው ፕሌትሌት ዝቅ ስላለ ደም ይጠበቃል ተብለናል።

ላብ_ቆጪ · ረቡዕ፣ ማታ 2፡22

የቢ-ሴል ነው፣ ሲዲ19 አለው። ወረቀቱን ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡት፣ ዋናውን ለማንም አትስጡ። ለደዋዩም። አሁን ከመቅኒው የተወሰደውም ናሙና እንዲታይ ጠይቁ፣ ምልክቱ ሊቀየር ስለሚችል።

ሲስተር_ዘ · ረቡዕ፣ ማታ 2፡48

አራት ዓመት አልፎታል ማለት ከዘገየው ወገን ነው። እናቱን አቅፈህ ሳምልኝ፣ ያ ደብተር ከመሬቱ በላይ ዋጋ አለው። ለሐኪሙ አሳዩት። ሁለተኛውን ኬሞ ይጀምር፣ የመጀመሪያው ወር ካለቀ በኋላ መቅኒው ይታይ። ያኔ ካልጠራ ወይም ሌላ ጊዜ ከተመለሰ ስለ መቅኒ ንቅለ ተከላ፣ ብሊናቱሞማብ ስለሚባለው መድኃኒት፣ ስለ ካር-ቲ ወሬው ይነሣል። ወደ ውጭ መሄድ ከመጣም በደላላ አይደለም፣ በሜዲካል ቦርድ ወረቀት ነው፤ ባንክ ላይ ምንዛሪ ስትጠይቁም የሚፈለገው እሱ ነው።

ሚኒሶታ_ጅሬን · ሐሙስ፣ ሌሊት 7፡30

ሲስተር ብሊናቱሞማብን ስላነሡ፦ እሱም ሲዲ19ን ነው የሚይዘው፣ በአንድ እጁ ሲዲ19ን በሌላው ቲ-ሴሉን ይዞ ያገናኛቸዋል። የታካሚውን ሴል አውጥቶ መሥራት የለም፣ ጠርሙሱ ከመደርደሪያ ይወጣል። በፓምፕ 28 ቀን ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ ይንጠባጠባል። ውድ ነው፣ ክትትልም ይፈልጋል፣ ግን አክስቱ ገንዘብ ላሰባስብ ካለች ስለ እሱም ሐኪሞቹን ትጠይቅ። አክስቱ ሚኒሶታ ከሆነች ትደውልልኝ።

እንዳልክ_ጊንጆ · ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡40

ላብ_ቆጪ የቲ-ሴል ቢሆን ኖሮስ? የአጎቴ ልጅ እሱ ነው የተባለው።

ላብ_ቆጪ · ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡00

ይማረው። እዚያ ላይ ችግሩ ካንሰሩም ቲ-ሴል፣ መድኃኒቱም ቲ-ሴል መሆኑ ነው፤ የቲ-ሴል ምልክት የሆነውን ሲዲ7ን ያለበትን ግደል ብለህ ብትልከው እርስ በርሱ ይጨራረሳል። ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት ሆስፒታል ላይ እ.ኤ.አ. 2022 ለአሊሳ፣ ለ13 ዓመት ልጅ፣ ከለጋሽ የተወሰደ ቲ-ሴል ላይ የዘረ መል ፊደል በፊደል ለውጠው ሲዲ7ን ከራሱ ላይ አጠፉለትና ከዚያ ሰጧት። ካንሰሩ ጠፋላት፣ ቀጥሎ የመቅኒ ንቅለ ተከላ ተደረገላት። ያ ሕክምና ግን ሙከራ ላይ ያለ እንጂ ገበያ የወጣ አይደለም። የአጎትህ ልጅ ኬሞውን አያቋርጥ።

ወይዘሪት_ቦዬ · ሐሙስ፣ ቀን 6፡15

ጣልቃ ገባሁ፣ እናቴ ማይሎማ የሚባለው የደም ካንሰር ነው ያለባት። ለሷም አለ?

ፋርማሲ_አጋሮ · ሐሙስ፣ ቀን 6፡50

አለ፣ ግን ኢላማው ሌላ ነው፣ ቢ.ሲ.ኤም.ኤ. ይባላል። አሜሪካ ላይ እ.ኤ.አ. 2021 አቤክማ፣ 2022 ካርቪክቲ ተፈቅደዋል። ሌላ ክር ክፈቺ፣ እዚህ ልጁ ይቅደም።

የሂርማታ_ልጅ · ሐሙስ፣ ማታ 1፡30

ኬሞው ሰኞ ሊጀመር ነው። አባቱ ደላላውን «ቆይ» ብሎታል፣ አዲስ አበባ ያለውን ሰውዬም ቁጥሩን ዘግተነዋል። አሁን የቸገረን ፕሌትሌት ነው፣ ለጋሽ አምጡ ተብለናል። ልጁ ኤ ፖዘቲቭ ነው።

አባ_ቡና · ሐሙስ፣ ማታ 1፡34

ኤ ፖዘቲቭ ነኝ። ጠዋት ከ2 ሰዓት በኋላ ነጻ ነኝ፣ ሱቁን ልጄ ይከፍታል። የት ልምጣ?

የሰላም_አባት · ሐሙስ፣ ማታ 1፡41

እኔ ኦ ነኝ፣ ግን ወንድሜ ኤ ነው፣ ይዤው እመጣለሁ። አባ ቡና፣ አጂፕ ጋ ጠብቀን፣ አብረን እንሂድ። ቁርስ በልተህ ና።